«ደም ልስጥና በዚያው ውጤቴን ልወቅ!»

 

የዛሬው ወጋችን ስለ ደም ነው። አይዟችሁ! ስለ ጠብና ስለ ጩቤ አናወራም። ክንዳችንን ዘርግተን በፈቃዳችን ስለምንሰጠው፣ ከዚያም ስሙን በማናውቀው ሰው ደም ሥር ስለሚዞረው ደም ነው የምንጨዋወተው።

«ለምንድነው ጤና ጣቢያ ሄጄ የምሰለፈው? የሚያውቀኝ ሰው ቢያየኝስ? ደም ልስጥና በዚያው ውጤቴን ልወቅ!»

ይቺን አባባል ያልሰማ የከተማ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ። ካፌ ቁጭ ብለን፣ ዶርም ውስጥ ተኝተን፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን ስንሰማት ኖረናል። ላይ ላዩን ሲያዩዋት ደግሞ ብልጠት ትመስላለች። ግፊት በነፃ ይለካል፣ የደም ዓይነት በነፃ ይነገራል፣ ኤች አይ ቪው፣ ጉበቱ ሁሉ በነፃ ይታያል። ከሁሉ በላይ ደግሞ «ምን ሆነህ ነው የመጣኸው?» የሚል ዓይን የለም። እንዲያውም «ጀግና!» ተብሎ ትከሻ ይመታል። ብስኩቱና ለስላሳው ምርቃት ነው።

ጉዱ ያለው ግን እዚችው ላይ ነው። በራሱ ላይ ጥርጣሬ ያለበት ሰው የትም ይሂድ፤ ጤና ጣቢያ ይሂድ፣ ክሊኒክ ይሂድ፣ ከፈለገ ማንም ወደማያውቀው ከተማ ተሳፍሮ ይመርመር። ደም ልገሳ ድንኳን ውስጥ ግን እግሩን አያስገባ! ለምን? ቀጥሎ ያለውን ደብዳቤ አንብቡና ታገኙታላችሁ። ጸሐፊው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገሩን ቀይረነዋል።

«እሺ ልበልና ልስጥ?»

«…እኔ የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። ከአንዲት ልጅ ጋር ሁለት ዓመት ሆኖናል። በቅርቡ ሽማግሌ ልልክ ነው። እናቷ ኦፕራሲዮን ታዘዘላቸውና ‹ደም የሚሰጥ ዘመድ አምጡ› ተባሉ። ታላቅ ወንድሟ ስልክ ደውሎ ‹አንተማ የቤታችን ልጅ አይደለህ እንዴ! ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን› አለኝ። እኔም በደስታ ‹እሺ ጋሼ› አልኩት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፍ አጣሁ። የዛሬ ሦስት ሳምንት ለሥራ ክፍለ ሀገር ሄጄ፣ ሞቅ ብሎኝ ከማላውቃት ልጅ ጋር አደርኩ። ኮንዶም አልተጠቀምኩም። አሁን ‹አልሰጥም› ብል ‹ምን ቢኖርበት ነው?› ይሉኛል። ትዳሬ ገና ሳይጀመር ፈረሰ ማለት ነው። ብሰጥ ደግሞ ህሊናዬ… ግን እኮ ደሙ ይመረመራል አይደል? የሆነ ነገር ካለበት እነሱው ይጥሉታል። ታዲያ እሺ ልበልና ልስጥ? እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።»

አይሆንም ወንድሜ። አትስጥ።

ቁጣ አይደለም። እንዲያውም መጠየቅህ ያስመሰግንሃል፤ ስንቱ ሳይጠይቅ ክንዱን ዘርግቷል! ነገር ግን «ይመረመራል አይደል?» ያልካት ነገር ላይ መነጋገር አለብን። አንተ ብቻ ሳትሆን የከተማችን ወጣት ግማሹ የተደገፈው እሷን ነው።

እውነት ነው፣ ይመረመራል። በአገራችን ደም ባንክ የሚሰበሰብ ደም ለአራት በሽታዎች ይመረመራል። እነሱም ኤች አይ ቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ ሄፓታይተስ ሲ እና ቂጥኝ ናቸው። አንዱ እንኳ ከተገኘበት ከረጢቱ ይወገዳል። ይሁን እንጂ ምርመራ መልአክ አይደለም። በብዛት የሚሠራበት ምርመራ የሚፈልገው፣ ሰውነታችን ቫይረሱን ለመዋጋት የሚያመርተውን አንቲቦዲ የሚባለውን መከላከያ፣ ወይም አንቲጅን የሚባለውን የቫይረሱን አካል ቁራጭ ነው። ነገሩ ሌሊት በባትሪ የሌባ ዱካ እንደሚፈልግ ዘበኛ ነው። ሌባው አጥር የዘለለው ገና አሁን ከሆነ ዱካ የለም። ዘበኛውም ግቢውን ዞሮ «ሰላም ነው!» ይልና ይቀመጣል። ሌባው ግን ቤት ውስጥ ነው።

ይህ ሌባው ገብቶ ዱካው ያልወጣበት ጊዜ በሐኪሞቹ አነጋገር «ዊንዶው ፒሪየድ» ይባላል። ኤች አይ ቪ እንደ ምርመራው ዓይነት በአማካይ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ሳይታይ ሊቆይ ይችላል፤ አንዳንድ ሰው ላይ እስከ ሦስት ወር ይዘልቃል። ሄፓታይተስ ቢ አምስት ሳምንት ያህል ይደበቃል። ሄፓታይተስ ሲ ደግሞ በአንቲቦዲ ብቻ ከተመረመረ ሁለት ወር ገደማ። ሀብታም አገሮች የቫይረሱን ዘር ራሱን የሚያድን ውድ ምርመራ ይጠቀማሉ። በእሱም ቢሆን ኤች አይ ቪ ለአሥር ቀን ያህል ሊያመልጥ ይችላል። ዜሮ የሚባል ነገር የለም።

እንግዲህ ቁጠር። ሦስት ሳምንት ብለሃል። የተያዝክ ከሆነ፣ አያርገውና፣ አሁን ያለኸው ልክ እዚያ ጨለማው ላይ ነው። ደምህ ይመረመራል፣ «ንጹህ» ይባላል፣ ምልክት ይለጠፍበታል፣ ፍሪጅ ይገባል። ከዚያ አንዲት ወላድ ደም ይፈሳታል… በመርፌ መወጋት ወይም በግንኙነት ኤች አይ ቪ የመያዝ ዕድል አንዴ አለ አንዴ የለም። በደም ከረጢት ግን እንደዚያ አይደለም። ቫይረሱ ያለበትን ደም ከወሰዱ 100 ሰዎች ከ90 በላይ የሚሆኑት ይያዛሉ። በዓለም ላይ ካሉት መተላለፊያ መንገዶች ሁሉ እንደዚህ እርግጠኛ የሆነ የለም።

ታዲያ ለጋሼ ምን ይባላል?

እዚህ ላይ ነው ብዙው ሰው የሚሸነፈው። በሽታውን ፈርቶ ሳይሆን ሐሜቱን ፈርቶ።

ለወንድሟ ምንም መናዘዝ የለብህም። አብረኸው ሂድ። ደም ከመወሰዱ በፊት እያንዳንዱ ሰው ለብቻው የሚጠየቅበት ጊዜ አለ። መጠይቅ ይሞላል፣ ከነርሷ ወይም ከባለሙያው ጋር ይነጋገራል። እዚያ ቁጭ በልና በሹክሹክታም ቢሆን «ሦስት ሳምንት ሆኖኛል፣ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኛል» በል። አይደነግጡም። ሥራቸው ነው፤ ካንተ የባሰ ብዙ ሰምተዋል። «አሁን መስጠት አትችልም» ይሉሃል፤ ምስጢርህም እዚያው ይቀራል። ስትወጣ «ዛሬ አትስጥ ተባልኩ» ትለዋለህ፤ ውሸት አይደለም። በአንድ ቀን ውስጥ ግፊቱ ዝቅ ብሎ፣ ደሙ አንሶ፣ መድኃኒት ጀምሮ፣ ሳይበላ መጥቶ፣ በቅርቡ ወባ ይዞት የሚመለሰው ሰው ብዙ ነው። ጋሼም አንተ ከየትኛው እንደሆንክ ሊያውቅ አይችልም።

ደሙ በጣቷ ጫፍ ተወግቶ ሰማያዊ ፈሳሽ ውስጥ ጠብ ሲል ያያችሁ አላችሁ? ያ ፈሳሽ ሚዛን ነው። ጠብታዋ ቶሎ ከሰመጠች ደማችሁ በቂ ብረት ይዟል ማለት ነው። ተንሳፍፋ ከቀረች «ሂጂና ጎመንና ምስር ብዪ» ትባላላችሁ። በተለይ ሴቶች እህቶቻችን በዚች ጠብታ ብዙ ይመለሳሉ። የተመለሰ ሁሉ «አለበት» ብሎ የሚያማ ሰው ካለ ምንም አያውቅም ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ቅር እንዳይልህ፣ አንድ ነገር ልበልህ። ደብዳቤህን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ እናቷ ተጨንቀሃል፣ ስለ ወንድሟ ተጨንቀሃል፣ ስለ ትዳርህ ተጨንቀሃል። ልጅቷስ? በእነዚህ ሦስት ሳምንታት ከእሷ ጋር ምን እያደረክ ነው? የእናቲቱን ደም ስታስብ ልጅቱን ረስተሃታል! የላቦራቶሪ ዘበኛ ለእናቷ እንኳ አላቸው፤ ለእሷ ግን ካንተ በቀር ማንም የላትም። ኮንዶም፣ ወይም መታቀብ። አሁን ተመርመር፣ በሦስት ወሩ ድገመው። መንግሥት ጤና ጣቢያ የኤች አይ ቪ ምርመራ በነፃ ነው፤ ስለ ሄፓታይተስና ስለ ቂጥኝም እግረ መንገድህን ጠይቃቸው። ለሌሎቻችሁ ደግሞ ይቺን ያዙልኝ። እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ዘንድ ከደረሳችሁ ኤች አይ ቪን የሚከላከል መድኃኒት አለ። ለ28 ቀን ይወሰዳል። ለደብዳቤው ጸሐፊ ጊዜው አልፎበታል፤ ለእናንተ ላያልፍ ይችላል።

«የዘመድ ደም ይሻላል» የሚባለው ነገር

ቤተሰብ ተሰብስቦ «ከሜዳ ደም ከምትወስድ ወንድሟ ይስጣት» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? የኛ ሰው ደምን ከዝምድና ለይቶ አያየውም።  ሳይንሱ ግን ሌላ ነው የሚለው።

አንደኛ ነገር፣ ዘመድ የሚሰጠው ደም ብዙውን ጊዜ በቀጥታ ለታማሚዋ አይገባም። ባንኩ ይቀበለውና መርምሮ ከሌላው ጋር ያስቀምጠዋል፤ እሷ የምትወስደው ቀድሞ ከተመረመረው ነው። ሁለተኛ፣ ከቅርብ ዘመድ የሚወሰድ ደም አልፎ አልፎ ጣጣ አለው። የሰጪው ነጭ የደም ሴሎች ለተቀባዩ ዘመድ እጅግ ስለሚመሳሰሉ፣ የተቀባዩ ሰውነት እንግዳ መሆናቸውን ሳያውቅ ያሳልፋቸዋል። እነሱ ግን የገቡበትን ሰውነት ማጥቃት ይጀምራሉ። እምብዛም አይከሰትም፤ ከተከሰተ ግን አብዛኛውን ጊዜ ገዳይ ነው። በጨረር ያልታከመ የቅርብ ዘመድ ደም የማይመከረውም ለዚህ ነው። ባልም ለሚስቱ ባይሰጥ ይመረጣል። ሰውነቷ በባሏ ደም ላይ መከላከያ ካመረተ በኋላ የምታረግዘው ልጅ የአባቱን ደም ወርሶ ሊመታ ይችላል። እስቲ ይታያችሁ! ፍቅሬን ላሳይ ብሎ የሰጠው ደም!

ሦስተኛውና ዋናው ግን የደብዳቤው ጸሐፊ የገባበት አጣብቂኝ ነው። ዘመድ የሚሰጠው ተገዶ ነው። አማቱ ታመው፣ ወንድሟ ስልክ ደውሎ፣ ጎረቤት ቆሞ እያየ፣ ማን ነው «እኔ እንኳ አልሆንም» የሚለው? መጠይቁ ላይ «አልተገናኘሁም፣ አልጠጣሁም፣ አላየሁም» ብሎ ይሞላል። ገንዘብ ተከፍሎት «ዘመድ ነኝ» ብሎ የሚመጣውማ ሌላ ጉድ ነው፤ እሱ ገንዘቡ የሚገኘው ሲዋሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1975 አገሮች የደም አገልግሎታቸውን ያለ ክፍያ በፈቃደኛ ለጋሾች ላይ እንዲመሠርቱ ያሳሰበው ያለ ነገር አይደለም። ማንም ሳያስገድደው በሰላሙ ቀን በየሦስት ወሩ ብቅ የሚል ሰው የሚዋሽበት ምክንያት የለውም። ደሙም በየጊዜው ስለሚመረመር ይታወቃል።

የአገራችን ደም ባንክ በቀይ መስቀል ማኅበር እጅ እ.ኤ.አ. በ1969 ነው የተጀመረው። እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከተዛወረ ወዲህ ከዘመድ ምትክ ወደ በጎ ፈቃደኛ ለመሻገር ብዙ ተሠርቷል። በየኮሌጁና በየአደባባዩ የምታዩት ድንኳን የዚያ ውጤት ነው። እጥረት ሲመጣ ግን «ዘመድ አምጡ» ተመልሳ ትመጣለች።

ኤች አይ ቪን ስንፈራ የረሳነው

«ደም ተመርምሮ ተጣለ» ሲባል ሁላችንም ቶሎ የሚመጣልን ኤች አይ ቪ ነው። በአገራችን ለጋሾች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ግን ደጋግሞ ከሁሉ በልጦ የሚገኘው ሄፓታይተስ ቢ ነው። ስሙ ባዕድ ይምሰላችሁ እንጂ ታውቁታላችሁ። ዓይን ቢጫ ሲሆን ሰፈር ውስጥ «የወፍ በሽታ» የሚባለው አንዱ መንስኤ እሱ ነው። እናቶቻችን የሌሊት ወፍ ነክታው ነው ይላሉ። የሌሊት ወፏ የለችበትም፤ በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በምላጭ፣ በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ነው የሚሄደው። ከኤች አይ ቪ ከ50 እስከ 100 እጥፍ ይበልጥ ተላላፊ ነው ይባላል። ከሰውነት ውጭ ደርቆ እንኳ ቢያንስ ሰባት ቀን ይቆያል። የፀጉር ቤቱን ምላጭ አሁን አሰባችሁ አይደል?

ክፋቱ ዝምታው ነው። ሰውየው ወፍራም፣ ጉልበታም፣ ሳቂታ ሆኖ ሃያ ዓመት ይዞት ሊኖር ይችላል። አንድ ቀን ጉበቱ ጠንክሮ ወይም ካንሰር ሆኖ ይወድቃል። ብዙ ወጣት መያዙን የሚያውቀው ደም ሰጥቶ ሲጠራ ነው። ሲነግሩትም «እኔ እኮ ደህና ነኝ!» ነው የሚለው። ደህና ነህ፣ አሁን። ክትትል ጀምር፣ መጠጡን ተው፣ የቤትህን ሰው አስመርምር። ላልተያዘ ሰው ክትባት አለው። በአገራችን ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለድን ሰዎች «ሕፃን ሳለሁ ተከትቤያለሁ» ብለን እንዳንዘናጋ። ተመርምሮ ነፃ የሆነ ሰው ሦስት ጊዜ ይወጋና ይገላገላል።

ሄፓታይተስ ሲ ወንድሙ ነው፤ በብዛት ያነሰ፣ ክትባት ግን የሌለው። ደግነቱ አሁን በእንክብል ይድናል። ለሁለት ወይም ለሦስት ወር በሚዋጥ መድኃኒት ከ100 ሰዎች ከ95 በላይ የሚሆኑት ይፈወሳሉ። ቂጥኝ ደግሞ ቫይረስ አይደለም፣ ባክቴሪያ ነው። ሕክምናው የታወቀው ፔኒሲሊን ነው። ስለ እሱ ይሄ ይበቃል።

ሌላው ዓለም የከፈለው ዋጋ

ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ከሰማይ አልወረደም። ኤች አይ ቪን ደም ውስጥ የሚለይ ምርመራ በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1985 ነው። ከዚያ በፊት ደም የወሰደ ሰው በዕድሉ ነበር። ዊምብልደንን ያሸነፈ ዝነኛ ጥቁር አሜሪካዊ የቴኒስ ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ1983 ልቡን ኦፕራሲዮን ተደርጎ ደም ወሰደ። ምርመራው ሊመጣ ሁለት ዓመት ቀርቶት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ለዓለም ተናገረ፣ በዓመቱ አረፈ።

የእንግሊዙ ደግሞ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ይፋ የሆነው የምርመራ ሪፖርት እንዳስታወቀው፣ ከ1970ዎቹ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ከ30 ሺህ በላይ ሰዎች በሕክምና በተሰጣቸው ደምና የደም ውጤት ኤች አይ ቪና ሄፓታይተስ ተይዘዋል። ሦስት ሺህ ያህሉ ሞተዋል። ለደም አለመርጋት ሕመምተኞች የሚሆነው መድኃኒት የሚሠራው የብዙ ሺህ ሰው ደም አንድ ላይ ተቀላቅሎ ነበር። ከፊሉ የተገዛው ከአሜሪካ ነው፤ ለገንዘብ ከሚሸጡ ሰዎች፣ ከእስረኞች ሳይቀር። አንድ የተበከለ ደም ገንዳውን ሁሉ ያበላሻል። እዚህ ጋ «ደም ሻጭ» ስንል አስታውሱት።

ደማችን የተጣለ ጊዜ

ጥንቃቄ ሲበዛ ደግሞ ሌላ ገደል አለ። እሱን ከኛ ወገን ይበልጥ የሚያውቀው የለም።

በጥር 1988 ዓ.ም. አንድ የእስራኤል ጋዜጣ ጉዱን አወጣው። የአገሪቱ ደም ባንክ ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን የሚሰጡትን ደም «እናመሰግናለን» ብሎ ይቀበልና፣ ለጋሾቹ ሳያውቁ ይጥለው ነበር። ለዓመታት! ምክንያቱ ኤች አይ ቪ ፍራቻ ነው ተባለ። ወታደር ቤት ሆነው፣ ጓደኞቻቸው አጠገብ ተሰልፈው ክንዳቸውን የዘረጉ ልጆች ደም ከኋላ በር ወጥቶ ይደፋ ነበር ማለት ነው። ጥር 19 ቀን 10 ሺህ ያህል ሰው ኢየሩሳሌም የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ወጣ። ከፖሊስ ጋር ግጭት ተነሥቶ ከሁለቱም ወገን ብዙዎች ቆሰሉ። በቀድሞ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የሚመራ አጣሪ ኮሚቴም ተቋቋመ። ቁስሉ ግን ቶሎ አልሻረም። ከ18 ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. እዚያው ፓርላማ ግቢ ውስጥ በተተከለ የልገሳ ጣቢያ፣ በሦስት ዓመታቸው ወደ እስራኤል የገቡ ትውልደ ኢትዮጵያዊት የፓርላማ አባል «የእርስዎን ደም መጠቀም አንችልም» ተባሉ። ካሜራ እያየ! ጉዳዩ አገሩን አናወጠ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መመሪያው እንዲሻሻል ተደረገ።

እኔ በዚህ ነገር ላይ የማያሻማ አቋም አለኝ። «ባለፉት ወራት ምን አድርገሃል?» ብሎ መጠየቅ አንድ ነገር ነው። «ከየት መጣህ? ከማን ተወለድክ?» ብሎ መደምደም ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ እውነተኛ መልስ አለው፤ ሰውየውም ሊመልሰው ይችላል። ለሁለተኛው ምን ብሎ ይመልሳል? ደሙን አልቀበልም ማለት እንኳ ፊት ለፊት ከሆነ ክርክር ይቻላል። ፈገግ ብሎ ተቀብሎ መድፋት ግን…

ለዚህ ነው እኛ አገር ነርሷ ስለ ግንኙነት፣ ስለ መርፌ፣ ስለ ጉዞ ስትጠይቃችሁ «ምን አገባት!» ብላችሁ እንዳትቆጡ የምለው። እየጠየቀች ያለችው ደምን ከሰው ማንነት ሳይሆን ከሰው ሥራ ለመለየት ነው። ደግሞ ለሁሉም ነው የምትጠይቀው፤ ለቄሱም፣ ለሼሁም፣ ለባለ ቪ8ቱም።

እናንተ ጤነኞቹ፣ አትሽሹ!

ይሄን ሁሉ አንብባችሁ «እንግዲያው ደም መስጠት ይቅርብኝ» ያላችሁ ካላችሁ ጉድ ሠራችሁኝ! መርፌው አዲስ ነው፣ ለእናንተ ተከፍቶ ለእናንተ ይጣላል። ደም በመስጠት የሚያዝ በሽታ የለም። የሚወሰደው ቢበዛ 450 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከለስላሳ ጠርሙስ አንድ ተኩል ግድም። የአዋቂ ሰው ደም አምስት ሊትር ያህል ነው። ፈሳሹ በአንድ ሁለት ቀን ይተካል፣ ቀዩ ሴል በሳምንታት። ዕድሜያችሁ ከ18 እስከ 65፣ ክብደታችሁ ከ45 ኪሎ በላይ፣ ጤናችሁ ሙሉ ከሆነ በየሦስት ወሩ መስጠት ትችላላችሁ። ማን ይወስደዋል ካላችሁ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከሚሰጠው ደም እስከ 54 በመቶ የሚሆነው የሚገባው ከአምስት ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት ነው።

ስትሄዱ ቁርስ ብሉ፣ ውኃ ጠጡ፣ ዋዜማውን ቢራውን ተዉት። ታቱ የተነቀሳችሁ፣ ጆሮም ይሁን አፍንጫ የተበሳችሁ፣ ዋግምት የታገማችሁ እንደሆነ ተናገሩ። ምላጭና መርፌ ቆዳ የነካበት ነገር ሁሉ ለወራት፣ አንዳንዱም እስከ ዓመት ያስጠብቃል። «እንዴ ዋግምትም?» አዎን፣ ዋግምትም። ከወባማ ቦታ በቅርቡ ከተመለሳችሁም እንዲሁ። ውጤቱ መቼና እንዴት እንደሚነገራችሁ ጠይቁ፤ ስልካችሁንም በትክክል አስመዝግቡ። የተሳሳተ ቁጥር ሰጥቶ የሚጠፋ ሰው ሞልቷል፤ የሆነ ነገር ቢገኝበት ማን ፈልጎ ይነግረዋል?

በመጨረሻ ብዙ ሰው የማያውቃት ነገር አለች። ደም ከሰጣችሁ በኋላ እቤት ስትደርሱ ትኩሳት ቢይዛችሁ፣ ወይም መጠይቁ ላይ አፍራችሁ ያለፋችሁት ነገር ሌሊቱን ቢቆረቁራችሁ አልረፈደም። እያንዳንዱ ከረጢት ቁጥር አለው። ወደ ሰጣችሁበት ቦታ ደውላችሁ ወይም ሄዳችሁ «ያ ደም ለሰው እንዳይሰጥ» ማለት ትችላላችሁ። አይፈረድባችሁም። ቀይ ደሙ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 35 ቀን ሊቀመጥ ይችላል። ፕላትሌት የሚባለው ደም የሚያረጋው ክፍል ግን አምስት ቀን ነው ዕድሜው፤ ብዙውን ጊዜም እንደተመረመረ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ይወጣል። ስለዚህ ስልኩ ለነገ የሚባል አይደለም።